ከሃዲው ማን ነው?

በእግር ኳስ መንደር እንደ «ከሃዲ» በርካሽ የሚቸበቸብ ቃል የለም። ሐምሌና ነሐሴ በመጡ ቁጥር፣ የአውሮፓ የዝውውር መስኮት ተከፍቶ አንዱ ተጫዋች ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር፣ ቃሉ ከየዲኤስቲቪ ቤቱ፣ ከየኤፍኤም ስፖርት ፕሮግራሙና ከየታክሲው የኋላ ወንበር ይወረወራል። ትናንት ማሊያው ላይ የተጫዋቹን ስም ያሳተመ ቲፎዞ ዛሬ ያንኑ ሰው «ይሁዳ!» ይለዋል። ስሙ ግን አይገጥምም። ይሁዳ ሻጭ ነበር፤ እነዚህ ልጆች ሸቀጥ ናቸው። ሠላሳውን ብር ቆጥሮ የሚቀበለው ሌላ ነው።

አስቀድመን ወገናችንን እንናገርና ነገሩ ይቅለል። እኛ አርሰናል ነን። «ገለልተኛ ነኝ» የሚል የኳስ ጸሐፊ ካጋጠማችሁ ወይ ኳስ አያይም፣ ወይ የቶተንሃም ደጋፊ ሆኖ አፍሮ ነው። ገና ሰላም ሳይሉን «እስቲ ኦፍሳይድን አብራሩ» እያሉ የሚፈትኑን ወንድሞቻችንም አይቸገሩ። ኦፍሳይዱን እናውቀዋለን። እናንተስ የዝውውሩን ሂሳብ ታውቁታላችሁ ወይ? የዛሬው ክርክራችን እሱ ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቋማችን አጭር ነው። ውሉን ጨርሶ ወይም በክለቡ ፊርማ ተሸጦ የሄደ ተጫዋች ከሃዲ አይደለም። ሠራተኛው ሲለቅ «ክህደት»፣ አሠሪው ሲያሰናብት ደግሞ «ጥሩ ቢዝነስ» የምንል ከሆነ፣ እኛ ደጋፊዎች ሳንሆን ደመወዝ የማይከፈለን የባለሀብቱ ዘበኞች ነን።

ካምቤል ሲመጣ፣ ኮል ሲሄድ

ከራሳችን ቤት እንጀምር። በ2001 ክረምት ሶል ካምቤል ከቶተንሃም ወደ አርሰናል መጣ። ሰውየው ተራ ተጫዋች አልነበረም። በቶተንሃም አካዳሚ ያደገ፣ የቡድኑ አምበል ነበር። ውሉ ስላለቀም ቶተንሃም አንዲት ፓውንድ እንኳ አላገኘበትም። ይህን ያስቻለው በ1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጅየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ነው። ከዚያ በፊት ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ክለቡ ካልፈቀደለትና ዋጋ ካልተከፈለበት ንቅንቅ ማለት አይችልም ነበር። «ድሮ ተጫዋቾች ታማኝ ነበሩ» እያላችሁ የምትናፍቁት ዘመን እንግዲህ ይህ ነው። ታማኝነቱ በሩ ስለተቆለፈ የመጣ ታማኝነት ነበር።

ካምቤል ወደ ኋይት ሃርት ሌን ሲመለስ «ይሁዳ» የሚሉ ጽሑፎች ጠበቁት። የእኛ ሰፈርስ ምን አለ? አጨበጨበ። በ2002 ሁለት ዋንጫ አብሮን አነሳ። በ2004 ሚያዝያ እዚያው ኋይት ሃርት ሌን ላይ ሁለት ለሁለት ወጥተን ሻምፒዮን ስንሆን ተከላካይ መስመር ላይ የቆመው እሱ ነበር። ያን ቀን «ይህ ሰው እኮ ያሳደገውን ክለብ ከድቷል» ያለ አርሰናል አልነበረም። ሊኖርም አይገባም ነበር።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2006፣ አሽሊ ኮል ወደ ቼልሲ ሄደ። እሱም የቤት ልጅ ነው፤ ከእኛ አካዳሚ የወጣ፣ ያልተሸነፈው ቡድን የግራ ተመላላሽ። ኮል ራሱ በመጽሐፉ እንዳወራው፣ ክለቡ በሳምንት 55 ሺህ ፓውንድ ሲያቀርብለት እሱ የጠበቀው 60 ሺህ ነበር። በዚህች የ5 ሺህ ልዩነት ስሙ ተለውጦ ስግብግብ ተባለ፤ የውሸት የገንዘብ ኖት ተውለበለበበት። በ2005 ከቼልሲ ሰዎች ጋር በድብቅ መገናኘቱ ጥፋት ነበር፤ እሱም ክለቡም አሰልጣኙ ሞሪንሆም ተቀጥተውበታል። ጥፋት ጥፋት ነው። ግን ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ስግብግብ ከሆነ፣ በዓለም ምርጥ የተባለውን የግራ ተመላላሽ በ5 ሺህ ፓውንድ የተከራከረው ክለብ ምን ሊባል ነው? ቆጣቢ? በመጨረሻስ ቼልሲ ዊልያም ጋላስንና 5 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥቶ ኮልን ወሰደ፤ አርሰናልም ፈረመ። ኮል ቼልሲ ውስጥ የሊጉን ዋንጫ በ2010፣ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን በ2012 አነሳ። እኛ በ2005 እና በ2014 የኤፍኤ ዋንጫ መካከል ዘጠኝ ዓመት ባዶ እጃችንን ቆምን።

ካምቤል ሲመጣ ነፃነት፣ ኮል ሲሄድ ክህደት። ልዩነቱ መርሕ አይደለም። ልዩነቱ የማሊያው ቀለም ነው።

ቫን ፐርሲን ማን ሸጠው?

ወደ ቁስሉ እንምጣ። ሮቢን ቫን ፐርሲ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ስም ሲነሳ ማንቼው ፈገግ ይላል፣ አርሴው ማኪያቶውን ይገፋል።

ሰውየው በ2004 ከፌይኖርድ በ2 ሚሊዮን 750 ሺህ ፓውንድ ገደማ መጣ። ስምንት ዓመት ቆየ፤ ከዚህ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በጉዳት አሳለፈ። በ2011/12 አምበል ሆኖ በሊጉ 30 ጎል አገባና የዓመቱ ኮከብ ተባለ። በ2012 ሐምሌ ውሉን እንደማያድስ በግልጽ ጽፎ ተናገረ፤ ክለቡ በሚሄድበት መንገድ እንደማይስማማም ገለጸ። ነሐሴ ላይ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወደ ኦልድ ትራፎርድ ሄደ። በመጀመሪያ ዓመቱ በሊጉ 26 ጎል አገባ። አስቶን ቪላ ላይ ሃትሪክ ሠርቶ የዩናይትድን 20ኛ ዋንጫ አረጋገጠ። በቀጣዩ ሳምንት ኤምሬትስ ሲመጣ የእኛ ልጆች ተሰልፈው አጨበጨቡለት።

ያማል። ማን አያምም አለ? ግን ህመምና ክስ ለየቅል ናቸው።

እስቲ ፋይሉን እንግለጠው። በ2012 ነሐሴ የቫን ፐርሲ ውል አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። ክለቡ ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛ፣ ልጁን ለአንድ ዓመት ማጫወትና በ2013 በነፃ መልቀቅ። ሁለተኛ፣ ወዲያው መሸጥና 24 ሚሊዮኑን ኪስ መክተት። ክለቡ ሁለተኛውን መረጠ። ለማን? ለአሌክስ ፈርጉሰን! ቫን ፐርሲ ፈርጉሰን ቢሮ በሌሊት በመስኮት አልገባም። የአርሰናል ኃላፊዎች በጠራራ ፀሐይ፣ በማኅተም አስረከቡት። የሊጉን ኮከብ ግብ አግቢ ለዋንጫ ተቀናቃኝ የሸጠ ክለብ «ብልህ ነጋዴ»፣ የተሸጠው ልጅ «ከሃዲ»። ይህን ፍርድ የፈረደው ዳኛ ማን ነው?

ቫን ፐርሲ ደግሞ ብቻውን አልሄደም። በ2009 አደባዮርና ኮሎ ቱሬ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሄዱ። በ2011 ክሊሺና ናስሪ ተከተሏቸው፤ ፋብሪጋስ ወደ ባርሴሎና በረረ። በዚያው ነሐሴ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ስምንት ለሁለት ተሸነፍን (ማንቼዎች፣ ቁጥሩን እኛው ስለጻፍነው አትድከሙ)። በ2012 ሶንግም ወደ ባርሴሎና ሄደ። በአራት የክረምት ዝውውሮች ሰባት ሰው! ሰባቱም በአንድ ጊዜ ክህደት የሚባል በሽታ ያዛቸው?

በሽታው ስም አለው፤ ብድር ይባላል። 38 ሺህ ገደማ ሰው ከሚይዘው ሃይበሪ ወጥተን በ2006 ወደ 60 ሺህ ሰው የሚይዘው ኤምሬትስ ገባን። ስታዲየሙ 390 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጀ። ያ ገንዘብ መመለስ ነበረበት። ለመመለስ ደግሞ በየክረምቱ አንድ ኮከብ መሸጥና ቻምፒዮንስ ሊግ የሚያስገባውን አራተኛ ደረጃ አለመልቀቅ ነበር ዘዴው። አርሰን ቬንገር ይህን ሸክም ተሸክሞ መቆየቱ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ይህ የክለቡ እቅድ እንጂ የቫን ፐርሲ አልነበረም። የ29 ዓመት አጥቂ፣ ጉልበቱ ሁለትና ሦስት ጥሩ ዓመት የቀረው ሰው፣ የሕንፃ ብድር እስኪያልቅ የመጠበቅ ግዴታ ከየት ይመጣበታል?

«በጉዳት ሲተኛ ደመወዝ የከፈለው ማን ነው?» የምትለን ወዳጃችን አለህ፤ ሰምተንሃል። የከፈለው ውሉ ነው። ሥራ ላይ የተጎዳን ሠራተኛ ማስታመም ውለታ ሆኖ ዕድሜ ልክ የሚያስገዛ ከሆነ፣ የሕመም ፈቃድ የወሰድን ሁላችን አልቆልናል።

ማንቼም፣ ሊቨርፑልም ያው ነው

እዚህ ላይ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ፊታቸው ሲበራ ይታየናል። ቀስ በሉ፤ ተራችሁ ደርሷል።

ካርሎስ ቴቬዝ ሁለት ዓመት ተጫውቶላችሁ በ2009 ወደ ሲቲ ሲሻገር ያላላችሁት ነገር ነበር? ቅጥረኛ፣ ገንዘብ ወዳድ፣ ከሃዲ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ቫን ፐርሲ ከተቀናቃኝ ክለብ ሲመጣላችሁ ግን «ልቡን ተከትሎ መጣ» ሆነ። ሮይ ኪንስ? ከ1993 ጀምሮ ደሙን ያፈሰሰላችሁ፣ ከ1997 ጀምሮ አምበላችሁ፣ በክለቡ የራሱ ቴሌቪዥን የቡድን አጋሮቹን ስለተቸ በ2005 ኅዳር ውድድሩ መሃል ላይ ተሰናበተ። ያን ቀን «ክለቡ ኪንን ከዳው» ብሎ የጮኸ ምን ያህል ነው? ስኮት ማክቶሚኔ ገና በሕፃንነቱ ወደ ዩናይትድ አካዳሚ ገባ፤ በ2024 ለናፖሊ ተሸጠ። በ2025 የጣሊያን ሻምፒዮን ሆኖ የሴሪ ኤው ምርጥ ተጫዋች ተባለ። እሱ እናንተን አልከዳም፤ እናንተም ሌላ አጥቂ ስትጠብቁ ረሳችሁት።

አሌክሲስ ሳንቼዝን በተመለከተ ግን ምስጋናችንን እንድትቀበሉ እንፈልጋለን። በ2018 ጥር በሚኪታሪያን ቀይረናችሁ ወሰዳችሁት፤ ፒያኖ እየመታ ተቀበላችሁት። በ45 ጨዋታ አምስት ጎል አገባላችሁ። እሱን ከሃዲ ያለ አርሰናል ካለ በእውነት ውለታ ቢስ ነው።

ሊቨርፑሎችም ከዚህ አያመልጡም። እንዲያውም የዘመናችን ንጹህ ማስረጃ የተገኘው አንፊልድ ላይ ነው። ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ በሊቨርፑል ሃያ ዓመት ኖረ። ቻምፒዮንስ ሊግ በ2019፣ ሊጉን በ2020 እና በ2025 አነሳ። ውሉን እስከ መጨረሻው ተጫውቶ እንደሚለቅ በ2025 ግንቦት ሲናገር፣ ከእኛ ጋር ሁለት ለሁለት በወጣው ጨዋታ የገዛ ደጋፊዎቹ ጮሁበት። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ አሌክሳንደር ኢሳክ እስከ 2028 ውል እያለው ለኒውካስል አልጫወትም ብሎ ክረምቱን ሙሉ ከቡድኑ ተገልሎ ቆየና በ125 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በብሪታኒያ ክብረ ወሰን፣ ሊቨርፑል ገባ። ያው ደጋፊ በደስታ ተቀበለው። ውሉን አክብሮ የጨረሰው ተሰደበ፤ ውሉን አቁሞ የመጣው ተዘመረለት። ከዚህ በኋላ ስለ ታማኝነት ለማስተማር የሚነሳ ካለ መጀመሪያ ይህን ያስረዳን።

የክለቡ መዝገብ

«ክለብ ግን ቤተሰብ ነው» ይሉናል። ቤተሰብ? እስቲ የቤተሰቡን መዝገብ እንይ።

በ2020 ሚያዝያ፣ ወረርሽኙ ስታዲየሞችን ባዶ ባደረገ ጊዜ፣ የአርሰናል ተጫዋቾችና አሰልጣኞች ከደመወዛቸው 12.5 በመቶ እንዲቀነስ ተስማሙ። ነሐሴ 1 ቀን ቼልሲን ሁለት ለአንድ አሸንፈን የኤፍኤ ዋንጫ አነሳን። ሳምንት ሳይሞላው ክለቡ 55 ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታወቀ። በዚያው ወር ዊሊያንን አስፈረመ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ለ27 ዓመት የክለቡን ዳይኖሰር ልብስ ለብሶ ሕፃናትን ሲያስቅ የኖረው ሰው ተሰናባች መሆኑ ተሰማ፤ ደመወዙን ልክፈልለት ያለው ከቡድኑ ዝርዝር ውጪ የተደረገው ሜሱት ኦዚል ነበር። ክለቡ «ቤተሰብ» ከሆነ ቤቱ ውስጥ የሰብአዊነት ሥራ የሠራው «አይለፋም» ተብሎ የሚብጠለጠለው ልጅ ነው።

አካዳሚውንም እንይ። ኢቤሬቺ ኤዜን አርሰናል በ13 ዓመቱ አሰናበተው። በ2025 ነሐሴ ቶተንሃሞች እጃችን ገባ ብለው ሲጠብቁት ከ60 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥተን መለስነው፤ ኅዳር ላይ እዚያው ቶተንሃም ላይ ሃትሪክ ሠራ። ጣፋጭ ታሪክ ነው፤ እኛም ጮቤ ረግጠናል። ግን የ13 ዓመት ሕፃን «አትረባም» ብሎ ማሰናበት ክህደት ካልተባለ፣ የ29 ዓመት ሰው ሥራ መለወጡ እንዴት ይባላል?

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል፤ የሂሳብ ደብተር። እስከ 2025/26 የውድድር ዘመን በሠራው የፕሪምየር ሊጉ የትርፍና ዘላቂነት ደንብ መሠረት አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይፈቀድለትም ነበር። ዘዴው እዚህ ላይ ነው። አንድ ተጫዋች በ100 ሚሊዮን ገዝተህ የአምስት ዓመት ውል ብትሰጠው፣ በደብተሩ ላይ በየዓመቱ የሚጻፈው ወጪ 20 ሚሊዮን ብቻ ነው። ከአካዳሚ ያሳደግከውን ልጅ ግን ዋጋ ከፍለህ ስላልገዛኸው በመዝገቡ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው፤ ስትሸጠው የተገኘው በሙሉ በዚያው ዓመት ንጹህ ትርፍ ሆኖ ይጻፋል። በሌላ አነጋገር፣ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ማሊያህን ለብሶ ያደገው ልጅ፣ ልቡ ያንተ የሆነው፣ በሂሳብ ሹሙ ዓይን ለገበያ የሚመረጠው የመጀመሪያው ሰው ሆነ ማለት ነው።

ውጤቱን አይተነዋል። ቼልሲ ሜሰን ማውንትን በ2023፣ ኮነር ጋላገርን በ2024 ሸጠ። እኛም በ2021 የ10 ቁጥር ማሊያ የሰጠነውን ኤሚል ስሚዝ ሮውን በ2024 ለፉልሃም፣ ኤዲ ንኬቲያን ለክሪስታል ፓላስ ሸጥን። ንኬቲያን ቼልሲ በ14 ዓመቱ አሰናብቶት ነበር የመጣልን። እነዚህ ልጆች ሲሸጡ ዲኤስቲቪ ቤቱ ምን አለ? «ጥሩ ዋጋ ነው።» ይኸው ነው። ለሦስት ቀን የዋጋ ተመን ተንታኝ ሆነን፣ በአራተኛው ቀን ረሳናቸው።

ታማኝነት የሚለካው በልጁ በኩል ብቻ ነው። በሌላ በኩል ያለው ሚዛን «ፋይናንስ» ይባላል።

«ግን እኮ…»

እዚህ ላይ የሚነሱ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሸሽተን አናልፋቸውም።

አንደኛው፣ «ታዲያ ተጫዋች ምንም ቢያደርግ ዝም ይባል?» የሚል ነው። አይባልም። ማሊያውን ለብሶ እስካለ ድረስ መሮጥ አለበት። ውል እያለው ሥራ ማቆም ጥፋት ነው፤ ወደ እኛ ቢመጣም ጥፋት ነው። በ2025 ቪክቶር ዮከሬሽ ከስፖርቲንግ ወደ አርሰናል ለመምጣት ልምምድ ሲቀር ያጨበጨቡ ወገኖቻችን፣ ነገ ከእኛ አንዱ ያንኑ ቢያደርግ አፋቸውን ሊይዙ ይገባል። በ2009 መስከረም አደባዮር የቫን ፐርሲን ፊት ረግጦ፣ ጎል አግብቶ፣ ሜዳውን ሙሉ አቋርጦ በደጋፊዎቻችን ፊት ሲጨፍር ሰው አይደለም የሚያሰኝ ነገር ነበር። ለእርግጫው ሦስት ጨዋታ ተቀጣ፤ ተገቢ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ያኔ የተረገጠው፣ ያዘንለት ልጅ ሦስት ዓመት ቆይቶ ራሱ «ይሁዳ» ተብሏል። ለብልግናም፣ ለውል ማፍረስም፣ ለሥራ ለውጥም አንድ ስም ከሰጠን ስሙ ትርጉም ያጣል።

ሁለተኛው፣ «እሱ ሚሊየነር ነው፤ ለሚሊየነር ጠበቃ ምን አስቆማችሁ?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ። ግን ተጫዋቹ ሚሊየነር ከሆነ ባለቤቱ ቢሊየነር ነው። አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላ የሥራ ዕድሜ ካለው ሰውና ስታዲየሙን እስከ ልጅ ልጅ ከሚያወርስ ሰው መካከል ስንመርጥ ሁልጊዜ ወደ ሁለተኛው የምናጋድለው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው ለንደን ሳይሆን አዲስ አበባ ይመስለናል።

ከኤምሬትስ እስከ ካዛንቺስ

ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ «ለ5 ሺህ ፓውንድ ብሎ ክለቡን ከዳ!» የሚለውን ወንድማችንን ልብ ብላችሁ እዩት። ባለፈው ዓመት ከአንዱ የግል ባንክ ወደ ሌላው የተዛወረው ለ4 ሺህ ብር ጭማሪ ነው። መልቀቂያውን ሲያስገባ አለቃው «አሳድገንህ!» ብለው ተቆጥተውበታል፤ ክሊራንሱን ወር አጉላልተውታል። ማታ ለጓደኞቹ «ሰው የሚሠራው ለኑሮው አይደል እንዴ?» ብሎ አማረረ። ልክ ነበር። ያው ሰው ቴሌቪዥኑ ሲበራ ግን ከአለቃው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ኪሱ ውስጥ ደግሞ፣ እግረ መንገዳችንን፣ «አርሰናል አያሸንፍም» ብሎ የቆረጠው የቤቲንግ ትኬት አለ። ታማኝነትን የሚያስተምረን እሱ ነው!

በሃያዎቹ ያለን ልጆች ይህን ነገር በደንብ እናውቀዋለን። ዲግሪ ይዘን ሲቪ ስናዞር ከርመን፣ የሙከራ ጊዜው እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ሥራ አግኝተን፣ «እዚህ እንደ ቤተሰብ ነን» ተብለን ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ አምሽተን እናውቃለን። «ቤተሰብ» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጭማሪ ስንጠይቅ ነው። ስንለቅ ውለታ ቢስ፣ ስንቀነስ «የበጀት እጥረት»። ይህን ቋንቋ በሥራ ቦታችን ሰምተነዋል። ቅዳሜ ማታ መልሰን በሌላው ላይ ስናወርደው፣ ሰኞ ጠዋት የሚወርድብንን ዱላ ራሳችን እየላግን ነው።

በሀገራችን ሜዳ ደግሞ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። ደመወዝ ሳይከፈላቸው ወራት የሚቆጥሩ ተጫዋቾች በእግር ኳሳችን የተለመደ ዜና ናቸው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ልጅ ያላገኘውን ደመወዝ ፍለጋ ለፌዴሬሽን አቤት ሲል፣ ወይም የሚከፍለው ሌላ ክለብ ሲያገኝ፣ ከደጋፊው አፍ የሚወጣው ቃል ያው ከለንደን የተዋስነው ነው። ከጊዮርጊስ ወደ ቡና፣ ከቡና ወደ ጊዮርጊስ የተሻገረ ልጅ «ከሃዲ» እየተባለ ዘጠና ደቂቃ ይሰደባል፤ ደመወዝ ያስቀረ የክለብ ሥራ አስኪያጅ ግን የክብር ትሪቡን ላይ ይቀመጣል። ስሙን እንኳ የሚያውቀው ደጋፊ ጥቂት ነው።

ለዚህ የእኛም ሙያ አስተዋጽኦ አለው። የስፖርት ገጾቻችንና የኤፍኤም ፕሮግራሞቻችን የእንግሊዝ ታብሎይዶችን ቃል በቃል እየገለበጡ «ከሃዲው አጥቂ» የሚል ርዕስ ያወጣሉ። ጋዜጠኝነት ስንማር የመጀመሪያው ጥያቄ «ከዚህ የሚጠቀመው ማን ነው?» የሚል ነበር። በዝውውር ዜና ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ፕሮግራም ስትሰሙ ንገሩን። ወሬው ከወኪሉ ይመጣል፤ ዋጋው ከክለቡ ይመጣል፤ ስድቡ ከደጋፊው ይመጣል። ተጫዋቹ ከየትም አይመጣም፤ እሱ የሚሄድ ብቻ ነው።

እውነተኛውን ለምትፈልጉ

ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ይሰረዝ አላልንም። ክህደት በእግር ኳስ ውስጥ አለ፤ ቀኑንም እናውቀዋለን። በ2021 ሚያዝያ 18 ቀን፣ እሁድ ሌሊት፣ አሥራ ሁለት ክለቦች ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳቸውን ውድድር መመሥረታቸውን አስታወቁ። ስድስቱ የእንግሊዝ ነበሩ፤ አርሰናል፣ ቼልሲ፣ ሊቨርፑል፣ ማንቸስተር ሲቲ፣ ማንቸስተር ዩናይትድና ቶተንሃም። በእቅዱ መስራቾቹ ከውድድሩ መቼም አይወርዱም ነበር። ያሸነፈ ይገባል፣ የተሸነፈ ይወጣል የሚለው የኳስ ሕግ ለእነሱ አይሠራም ማለት ነው። በዚያ ዓመት ሊጉን ስምንተኛ ሆኖ የጨረሰው የእኛው አርሰናል ለዘላለም ከታላላቆቹ ተርታ ሊቀመጥ ነበር! ሰባተኛ የወጣው ቶተንሃምም እንዲሁ። ደጋፊ አልተጠየቀም። ተጫዋች አልተጠየቀም። አሰልጣኞች ከሰው እኩል ሰሙ።

በሁለት ቀን ውስጥ ፈረሰ። ያፈረሰው ማን ነው? የቼልሲ ደጋፊ ስታምፎርድ ብሪጅ በር ላይ ቆሞ ነው። ከፈረሰ በኋላም ቁጣው አልበረደም፤ የአርሰናል ደጋፊ ኤምሬትስን ከበበ። የዩናይትድ ደጋፊም ኦልድ ትራፎርድ ሰብሮ ገብቶ የሊቨርፑልን ጨዋታ እስከማራዘም ደረሰ። ለአንዲት ሳምንት ማንቼውም፣ አርሴውም፣ ቀዩም፣ ሰማያዊውም ትክክለኛውን ሰው በትክክለኛው ስሙ ጠሩት። ከዚያ በኋላ ክረምት መጣ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ ሁሉም ወደ ለመደው ተመለሰ፤ ባለቤቶቹ ተረሱ፣ የ22 ዓመት ልጆች «ይሁዳ» መባላቸው ቀጠለ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። የሄደው ሲመለስ ጩኹበት፤ ዘጠና ደቂቃ የደጋፊ መብት ነው፣ እኛም እንጮኻለን። ጎል ሲስት ሳቁበት። በሳንቼዝ ሳቁ፤ ደስ ይለናል። ግን ከፉጨታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ውሉ አልቆ ነበር ወይ? የሸጠው ማን ነው? ገንዘቡ የገባው የማን ኪስ ነው? ሦስቱን ከመለሳችሁ በኋላም «ከሃዲ» የሚለው ቃል አፋችሁ ላይ ከቀረ፣ አትዋጡት። ከሜዳው ቀና ብላችሁ ወደ ክብር ትሪቡኑ ወርውሩት።

ቶተንሃሞች በፈለጋችሁት አቅጣጫ መወርወር ትችላላችሁ፤ ያው ኢላማ አትመቱም።